ጥርሴን ለመታከም የማረጋጊያ ኪኒን ልዋጥ?

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጅማ ነው። 31 ዓመቴ ነው፤ ባጃጅ ነው የምነዳው። የታችኛው መንጋጋዬ ካመመኝ ወራት አልፈዋል። ሁለት ጊዜ ጉንጬ አብጦ አሞክሳሲሊን ወስጄ ቀለለልኝ። ከጥርሱ በላይ ያስቸገረኝ ግን ፍርሃቴ ነው። ልጅ ሆኜ ገጠር አያቴ ጋ ሳለሁ ጥርሴን ሲነቅሉኝ ሁለት ሰው ይዞኝ ነበር። ማደንዘዣ ይውጉኝ አይውጉኝ አላስታውስም፤ ሕመሙን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አሁን ባጃጄን እየነዳሁ ክሊኒኩ በር ድረስ እሄዳለሁ። ሞተር ሳላጠፋ ትንሽ እቆምና ተመልሼ ሥራዬን እቀጥላለሁ። አንድ ቀን ደፍሬ ገብቼ የመድኃኒቱ ሽታ ሲመታኝ ላብ አጠመቀኝ፣ ዓይኔም ጨለመብኝ። ጎረቤታችን ለእናቷ ታዞ የተረፈ ዲያዜፓም አለኝ ብላ ሁለት ፍሬ ሰጠችኝ። ከቤት ስትወጣ ዋጠው፣ ምንም አይሰማህም ብላኛለች። ውጬ ልሂድ? ሱስስ ያስይዛል? ለሚስቴ መንገር አፍራለሁ፤ ወንድ ልጅ ጥርስ ፈራ መባል ይከብዳል። ጫትም እቅማለሁ፤ ችግር ካለው ይንገሩኝ። የ6 ዓመት ልጅ አለችኝ፤ እሷንም ጥርሷን ያማታል። ይዣት ለመሄድ ግን እግሬ እምቢ አለኝ።
የጨነቀው ከጅማ»

ወንድሜ፣ መልሱን መጀመሪያ ልስጥህና ከዚያ ረጋ ብለን እናውራ። ጎረቤትህ የሰጠችህን ሁለት ፍሬ እንዳትውጣቸው። ይህን የምልህ ለፍርሃት መድኃኒት መውሰድ ነውር ስለሆነ አይደለም። የጥርስ ሐኪሞች ራሳቸው በጣም ለሚፈራ ሰው የሚያረጋጋ መድኃኒት ያዝዛሉ። አንተ ያሰብከው ግን ሌላ ነገር ነው። ከሰው የተረፈ ኪኒን፣ መጠኑ ሳይታወቅ፣ ሐኪሙ ሳይሰማ፣ ያውም ባጃጅ እየነዱ! እዚህ ላይ አጥብቄ እምቢ እልሃለሁ።

«ወንድ ልጅ ጥርስ ፈራ መባል ይከብዳል» ያልከው አንጀቴን በልቶታል። የጥርስ ወንበር የሚፈራ ሰው ስፍር ቁጥር የለውም። ወታደሩም፣ ገበሬውም፣ ራሷ መርፌ ስትወጋ የምትውል ነርስም አለችበት። እንዲያውም ማደንዘዣን ለዓለም ካስተዋወቁት ሰዎች ፊት ለፊት የምናገኛቸው የጥርስ ሐኪሞችን ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1844 አሜሪካ ውስጥ ሆራስ ዌልስ የተባለ የጥርስ ሐኪም ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባለውን ጋዝ ስቦ የገዛ ጥርሱን አስነቀለ። በ1846 ደግሞ ሌላው የጥርስ ሐኪም ዊልያም ሞርተን ቦስተን ውስጥ አንድ ታካሚ በኤተር ደንዝዞ ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት በሐኪሞች ፊት አሳየ። እነዚህ ሰዎች የታካሚያቸውን ፍርሃት እንደ ድክመት አላዩትም። መፍትሔ ሲፈልጉለት ኖሩ እንጂ።

የልጅነትህን ታሪክ ሳነብ ፍርሃትህ ከየት እንደመጣ ገባኝ። ሁለት ሰው ይዞህ ነበር። ሕመም ይረሳል ይባላል፤ ተይዞ መንቀሳቀስ አለመቻል፣ «በቃ» ብሎ ጮኾ ሰሚ ማጣት ግን ቶሎ አይረሳም። ስለዚህ የሽታው ነገር ብቻ ላብ ቢያጠምቅህ አይግረምህ። ዓይንህ የጨለመው ደግሞ ድንጋጤው የልብ ምትህንና የደም ግፊትህን ድንገት ዝቅ ስላደረገው ይሆናል። መርፌ ሲያዩ ራሳቸውን የሚስቱ ሰዎች የሚገጥማቸው ይኸው ነው። እንዲህ የሚሆን ሰው ወንበሩ ወደ ኋላ ተለጥጦ፣ ተጋድሞ ቢታከም ይሻለዋል። የእግርንና የጭንን ጡንቻ ለጥቂት ሰከንድ አጥብቆ ይዞ መልቀቅም ደም ወደ ጭንቅላት እንዲመለስ ያግዛል። ይህንንም ለሐኪሙ ንገረው።

አሁን አንድ ነገር በደንብ እንድታውቅልኝ እፈልጋለሁ፤ በር ላይ ደርሰህ በተመለስክ ቁጥር የሚሆነውን። ጉንጭህ ያበጠው ጥርስህ ሥር መግል ስለቋጠረ ነው። አሞክሳሲሊኑ እብጠቱን አወረደው፤ ምንጩ ግን ጥርሱ ውስጥ እንዳለ አለ። ለዚህ ነው የተመለሰብህ። ጥርሱ ካልተነቀለ ወይም ሥሩ ካልታከመ ነገም ይመለሳል። የከፋው ደግሞ ይህ ነው፦ በቆሰለና በመገለ ሥጋ ውስጥ አሲድ ስለሚበዛ ማደንዘዣው ወደ ነርቩ በደንብ አይገባም። ማለትም ፈርተህ በዘገየህ ቁጥር መርፌው እየደከመ ይሄዳል። መርፌው ሲደክም ያምሃል፣ ሲያምህ ደግሞ የቀድሞው ፍርሃትህ ትክክል ነበር ብለህ ታምናለህ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው። ሐኪሙ እብጠቱን አይቶ መግሉን አፍስሶ፣ ወይም መድኃኒት ሰጥቶ ለሌላ ቀን ሊቀጥርህ ይችላል። ያን ጊዜ «ድኛለሁ» ብለህ እንዳትቀር።

ወደ ኪኒኑ ልምጣ። ዲያዜፓም፣ በብዙ ሰው አፍ ቫሊየም የሚባለው፣ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ለጭንቀት፣ ለሚጥል በሽታና ለጡንቻ መኮማተር ሲያገለግል የኖረ መድኃኒት ነው። አንጎል ራሱን የሚያረጋጋበትን ኬሚካል ያግዛል። ጎረቤትህ «ምንም አይሰማህም» ያለችው ግን ስህተት ነው። ዲያዜፓም ሕመም አይገድልም። ብትወስደውም ጥርስህ የሚደነዝዘው በመርፌው ነው። መድኃኒቱ የሚቀንሰው ጭንቀቱን ብቻ ነው።

«ሁለት ፍሬ» ብለሃል። ስንት ሚሊግራም? ዲያዜፓም ባለ 2፣ ባለ 5 እና ባለ 10 ሚሊግራም ሆኖ ይመጣል። ሁለት ፍሬ 4 ሚሊግራም ሊሆን ይችላል፣ 20ም ሊሆን ይችላል። አምስት እጥፍ ልዩነት ነው። ካርቶኑና ማሸጊያው ከሌለ ዲያዜፓም ለመሆኑም ማረጋገጫ የለህም። ለእናቷ ሲታዘዝ የታየው የእናቷ ዕድሜ፣ የእናቷ ሕመምና የእናቷ ክብደት ነው። አንዱን ሰው ደስ ብሎት የሚያዝናናው መጠን ሌላውን እንቅልፍ ይጥለዋል። አልፎ አልፎ ደግሞ ጭራሽ የሚያበሳጨውና የሚያስለፈልፈው ሰው አለ። እንዲህ ዓይነቱ ሰው መሆንህን መንገድ ላይ ማወቅ አትፈልግም።

ባጃጅህን አስብ። ይህ መድኃኒት ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። ዛሬ ጠዋት የዋጥከው ነገ ጠዋት ግማሽ ያህሉ ገና ደምህ ውስጥ ሊሆን ይችላል። አንተ «ለቆኛል» ትላለህ፤ እጅህ ግን ፍሬኑን የሚይዘው ዘግይቶ ነው። ከመናኸሪያ አጂፕ ያለውን መንገድ እኔ ካንተ በላይ አላውቀውም፤ ሰው፣ አህያ፣ ሚኒባስና ተማሪ የሚተላለፍበትን ሰዓት አንተ ነህ የምታውቀው። ከኋላህ ደግሞ ሦስት ሰው ተቀምጧል። በሐኪም ታዞልህ የወሰድክ ቀን እንኳን መሪ አትያዝ፤ በማግሥቱም ሐኪሙ «ንዳ» ሳይልህ አትንዳ። የሁለት ቀን ገቢ እንደሚጎዳህ ይገባኛል። ስለዚህ ቀጠሮውን ሥራ የሚቀዘቅዝበት ቀን ላይ አድርገው።

ጫትህን በግልጽ ስለነገርከኝ አመሰግንሃለሁ፤ ብዙ ሰው ይደብቀዋል። ጫት የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል። የጥርስ ማደንዘዣ ውስጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ ትንሽ አድሬናሊን ይጨመራል፤ ማደንዘዣው ቶሎ እንዳይጠፋና ደም እንዳይበዛ ይረዳል። መርቅነህ ወንበሩ ላይ ብትወጣ ልብህ በሁለት በኩል ይገፋል። ስለዚህ ከቀጠሮህ በፊት ያለውን ቀን በርጫ ተወው፤ የሕክምናውንም ዕለት እንደዚሁ። የምር የሚያስፈራኝ ግን ጨብሲው ነው። ምርቃናን በአረቄ ወይም በቢራ መስበር ለለመደ ሰው ዲያዜፓም ሲጨመርበት ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ይሆናል። አልኮልና ይህ መድኃኒት ተባብረው ትንፋሽን ያደክማሉ። ሰው ተኝቶ ሊቀር ይችላል። ለጥርስ ሕመም ብለው አረቄ አፋቸው ውስጥ የሚይዙ ሰዎችም ቀስ በቀስ እየዋጡት መሆኑን አያስተውሉም። ትራማዶል የሚባለው የሕመም ማስታገሻም ከዲያዜፓም ጋር እንዲሁ አደገኛ ነው፤ ለጥርስህ ከሆነ ቦታ ገዝተህ እየወሰድክ ከሆነ አሁኑኑ ለሐኪሙ ንገረው። ማንኮራፋት የበዛበት፣ አስም ወይም የሳንባ ችግር ያለበት፣ የጉበት ሕመም ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርና አዛውንትም በራሳቸው የሚወስዱት ነገር አይደለም።

ሱስ ያስይዛል ወይ ላልከው፦ ለአንድ ቀጠሮ በሐኪም የታዘዘ አንድ መጠን ሱሰኛ አያደርግህም። በየማታው ለሳምንታት ሲወሰድ ግን ሰውነት ይለምደዋል፤ ድንገት ሲቋረጥም ጭንቀቱ ብሶ ይመለሳል፣ አንዳንዱን ሰው እስከ ማንቀጥቀጥ ያደርሰዋል። ያለ ማዘዣ የማይሸጠውም ለዚህ ነው።

ታዲያ በትክክለኛው መንገድ እንዴት ይሰጣል? ሐኪሙ መጀመሪያ ስለ ጤናህና ስለምትወስደው ነገር ሁሉ ይጠይቅሃል። ከዚያ ተገቢ ሆኖ ካገኘው ለቀጠሮው ብቻ የሚበቃ ኪኒን ያዝልሃል፤ መቼ እንደምትውጠውም ይነግርሃል። ዕቃው ባለበት ቦታ በአፍንጫ የሚሳበው ናይትረስ ኦክሳይድ አለ። በደቂቃዎች ውስጥ ያረጋጋል፣ ሲቆምም በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃል። በደም ሥር የሚሰጥ ሚዳዞላም የሚባልም አለ። እሱ ሲሰጥህ ራስህን አትስትም፣ ሙሉ በሙሉም አትተኛም፤ ስትጠራ ትመልሳለህ፣ በኋላ ግን ብዙውን አታስታውሰውም። ያኔ ጣትህ ላይ ኦክስጅንህን የሚያነብ መሣሪያ ይደረጋል፣ ግፊትህ ይለካል፣ መድኃኒቱን የሚያከሽፍ ሌላ መድኃኒትም በአጠገብ ይቀመጣል። ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። አንተ ቤትህ ውጠህ ብትደክም ጣትህ ላይ ያለው የባጃጅህ መሪ ነው። ይህ ሁሉ በየክሊኒኩ አይገኝም፤ ስለዚህ ስትሄድ ጠይቅ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሐኪሞችን የሚያሠለጥን ስለሆነ፣ ነገሩ ከክሊኒክ በላይ ከሆነ ወደ ሕክምና ማዕከሉ ሪፈር እንዲጽፉልህ መጠየቅም ትችላለህ።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። የሚያረጋጋ መድኃኒት የዛሬን ቀጠሮ ያሻግርሃል፤ ፍርሃቱን አይነቅልልህም። ፍርሃቱ የሚቀንሰው ነቅተህ፣ ሳያምህ፣ ታክመህ የወጣህባቸው ቀናት ሲደራረቡ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን ምንም እንዳይነቀልበት አድርግ። ለመታየት ብቻ ሂድ። እንግዳ መቀበያው ጋ ስትደርስ «የጥርስ ሕክምና በጣም እፈራለሁ፤ ዛሬ ለማሳየትና ለማውራት ብቻ ነው የመጣሁት» በል። ቃሉ ከአፍህ ካልወጣ ወረቀት ላይ ጽፈህ ስጣት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? ያንተ በሽታ ሁለት ነው፤ ጥርሱም ፍርሃቱም።

ሐኪሙን ሦስት ነገር ለምነው። ሊያደርገው ያሰበውን አስቀድሞ ይንገርህ። የግራ እጅህን ስታነሳ ያቁም፤ ይህን ከመጀመራችሁ በፊት ተስማሙ፣ አንድ ጊዜም ሞክሩት። መርፌውንም ቀስ ብሎ ይውጋ። ይህ ብዙ ነው ብለህ አትፈር፤ ጥሩ ሐኪም እንዲያውም ደስ ይለዋል፣ የሚንፈራገጥ ሰው ከሚታከም የሚናገር ሰው ቢታከም ይመርጣል። ቢቆጣህ ወይም ቢስቅብህ ተነስተህ ሌላ ቦታ ሂድ። ከተማው ውስጥ አንድ ሐኪም ብቻ አይደለም ያለው።

የመርፌውን ነገር በቅርበት ልንገርህ፤ ያላወቁት ነገር ይበልጥ ያስፈራልና። መጀመሪያ ድድህ ላይ የሚያደነዝዝ ቅባት ሊቀባልህ ይችላል። ከሌለ ያለእሱም ይሆናል። ለታችኛው መንጋጋ መርፌው የሚገባው ከጥርሱ ኋላ፣ መንጋጋው የሚታጠፍበት አካባቢ ነው። ቆንጠጥ ያደርግሃል፤ ቀስ ተብሎ ከተወጋ ከዚያ በላይ የሚሰማህ ግፊት ነው። ልብህ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ድም ድም ቢል አድሬናሊኑ ነው፣ ያልፋል። ከዚያ የከንፈርህ ግማሽ መወፈር ይጀምራል። ያበጠ ይመስልሃል፣ በመስታወት ብታየው ግን እንደነበረ ነው። ቶሎ ካልደነዘዘ ደቂቃዎች ጠብቁ። ሐኪሙ በብረቱ ጫፍ ድድህን ነካ ነካ አድርጎ ይጠይቅሃል። እዚህ ጋ አትዋሽ። «ጨርሰው» ለማለት ብቻ ደንዝዟል አትበል። ከተሰማህ ይጨመርልሃል። ሲነቀል መገፋቱና መወዝወዙ ይሰማሃል፣ አጥንት ስለሚያስተላልፈው የመሰንጠቅ ድምፅም ጆሮህ ድረስ ይመጣል። ሕመም ግን መሆን የለበትም። ሕመም ከሆነ እጅህን አንሳ።

ቀጠሮህን ጠዋት አድርገው፤ ቀኑን ሙሉ ስታሰላስለው እንዳትውል። በመርፌ ብቻ የምትታከም ከሆነ ቁርስህን በልተህ ሂድ፣ ባዶ ሆድ ራስን ያስታል። ቡናውን ግን ቀነስ አድርገው፤ ጅማ ላይ ተቀምጦ ይህን ማለት እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ የሚንቀጠቀጥ እጅ ላይ ሦስተኛ ስኒ መጨመር ግን አይጠቅምም። የሚያረጋጋ መድኃኒት የሚሰጥህ ከሆነ የምግቡን ሰዓት ሐኪሙ ይንገርህ፤ በደም ሥር ለሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ለ6 ሰዓት ምግብ ይከለከላል።

ለሚስትህ ንገራት። የሚያረጋጋ መድኃኒት ከወሰድክ ይዞህ የሚመለስ ትልቅ ሰው ያስፈልግሃል፤ ያለሱ ጥሩ ሐኪም አይሰጥህም። ረጅም ወሬ አያስፈልገውም። ልጅ ሆነህ የደረሰብህን ንገራትና «አብረሽኝ ሂጂ» በላት። ሁለቱን ፍሬ ደግሞ ዛሬውኑ ከቤት አውጣቸው፤ የ6 ዓመት ልጅ ባለበት ቤት ኪስ ውስጥም ትራስ ሥርም የሚቀመጥ ነገር አይደለም። መድኃኒት ቤት ወስደህ እንዲያስወግዱልህ ጠይቅ።

እስከዚያው ግን እብጠቱ ወደ አንገትህ ወይም ወደ ዓይንህ ከሄደ፣ ትኩሳት ከያዘህ፣ ምራቅ መዋጥ ወይም አፍህን መክፈት ካቃተህ፣ ትንፋሽ ካጠረህ ቀጠሮ አትጠብቅ። ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ግባ። የጥርስ መግል ወደ አንገት ወርዶ ሰው ይገድላል። ይህን ለማስፈራራት አይደለም የምነግርህ።

የልጅህን ጉዳይ ለብቻ ማንሳት ፈልጌ ነው መጨረሻ ላይ ያደረግኩት። 6 ዓመት ሲሞላ ከወተት ጥርሶች ኋላ የመጀመሪያው ቋሚ የመንጋጋ ጥርስ ይበቅላል። በቦታው የወደቀ የወተት ጥርስ ስለሌለ ብዙ ወላጅ «ይህም ይወድቃል» ብሎ ይተወዋል፤ እሱ ግን ዕድሜ ልክ አብሯት የሚኖር ጥርስ ነው። የሚያማት የትኛው እንደሆነ መታየት አለበት። ለእሷ ከአዋቂ የተረፈ የሚያረጋጋ ኪኒን በምንም ዓይነት አይሰጥም፣ ሩብ ተሰብሮም ቢሆን። አንተ ጥርስህን ከምትነቀልበት ቀን ጋርም አታገናኘው፤ ፊትህን አይታ ነው የምትፈራው። «ካስቸገርሽ መርፌ አስወጋሻለሁ» የሚባል ነገር ከቤት ይውጣ። «ምንም አያምሽም» ብለህም ቃል አትግባላት፤ «ሐኪሙ ጥርስሽን ይቆጥራል፣ እናትሽ እጅሽን ትይዝሻለች» ይበቃል። ያንተ ፍርሃት እስኪለቅህም አታስጠብቃት። ያማታል ካልክ በዚህ ሳምንት እናቷ ትውሰዳት።